መልስ፦ «እንዳይባረር ተከልክሎ ነበር» ወይስ «እንዲባረር ተወስኖበት ነበር»?

ስለ ኪልማር አብሬጎ ጋርሲያ አንዱ ጣቢያ «ሕጋዊ ነዋሪ ነው፣ እንዳይባረር ተከልክሎ ነበር»፣ ሌላኛው «እንዲባረር ተወስኖበት ነበር» ማለታቸውን ጠቅሰህ የትኛው ልክ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለቱም ጣቢያዎች የጠቀሱልህ አንድ ውሳኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ዳኛ ይህን የሜሪላንድ ነዋሪ ወደ ኤል ሳልቫዶር እንዳይላክ የከለከሉበት።

ይህ ክልከላ ጥገኝነት አይደለም፣ ግሪን ካርድም አያስገኝም። የሚሠራው ለዚያ አገር ብቻ ስለሆነ ወደ ሦስተኛ አገር መላክን አይከለክልም። «ሕጋዊ ነዋሪ ነው» የሚለው ዘገባ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌላኛው ደግሞ ዋናውን ነገር ይዘላል፦ ማርች 15 ቀን 2025 የተላከው እዚያው ወደተከለከለው አገር ነው። መንግሥት ራሱ ለፍርድ ቤት ባስገባው ሰነድ «አስተዳደራዊ ስህተት» ብሎታል።

«ተወስኖበት ነበር» የሚለውም ቢሆን ልል ነው። በ2019ኙ ወረቀት ላይ «ይባረር» የሚል ግልጽ ትዕዛዝ የለም፤ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ፣ በዲሴምበር 2025 ጉዳዩን የያዙት የፌዴራል ዳኛ ከኢሚግሬሽን እስር እንዲለቀቅ ሲያዙ የጠቀሱትም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የኤፕሪል 10 ቀን 2025ቱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከርዕሰ ዜና አትውሰድ፤ ሁለቱም ወገን «አሸነፍን» ብለውበታል። የሥር ፍርድ ቤቱ መንግሥትን ካዘዘው ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር እስር መለቀቁን «ማመቻቸት» የሚለውን አጽድቆ፣ መመለሱን «ማስፈጸም» የሚለው እንዲብራራ ወደዚያው ፍርድ ቤት መለሰው። ጥቂት ገጽ ናት፣ ራሷን አንብባት።