የሕፃናት ካንሰር እየበዛ መሆኑን ቆጥራ ማረጋገጥ ለምትፈልግ ተመራቂ

ከድሬዳዋ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በስታቲስቲክስ ተመርቀሻል። የአንድ ባንክ ፈተና አልፈሽ ሥራ እንድትጀምሪ ተጠርተሻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሆስፒታል በካርድ ክፍሉ መረጃ የምታደራጅ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ደመወዙ ግን ከባንኩ ያንሳል። የእህትሽ ልጅ ባለፈው ዓመት በደም ካንሰር ካረፈ ወዲህ የሳቢያን ሰፈር ጎረቤት ሁሉ «ድሮ እንዲህ ያለ በሽታ በልጅ ላይ አናውቅም ነበር» ሲል ትሰሚያለሽ፤ አንቺም «እውነት በዝቶ እንደሆነ ቆጥሬ ልወቅ፣ ሙያዬም ይኸው ይሁን» ብለሽ ምክሬን ጠየቅሽ። በመጀመሪያ ለእናንተ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጣችሁ። ያነሣሽው ጥያቄ ዕድሜ ልክ የሚያሠራ ጥያቄ ነውና በጥንቃቄ ልመልስልሽ።

የአንድን አገር የሕፃናት ካንሰር መጠን በረጅም ጊዜ ለማየት በየዓመቱ ሳይቋረጥ የተሞላ መዝገብ ያስፈልጋል። ጀርመን ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕፃናትን ካንሰር ብቻ የሚይዝ አገር አቀፍ መዝገብ አላት፤ አሜሪካም ከ1973 ጀምሮ በተመረጡ ግዛቶች ስትመዘግብ ቆይታለች። በእኛ አገር በሕዝብ ላይ የተመሠረተ፣ ማለትም የአንድን ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ነዋሪ ሁሉ የሚይዝ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በመስከረም 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን የሠላሳ ዓመት ለውጥ የሚያሳይ መስመር ከየትም ፈልገሽ አታገኚም፤ መስመሩ ገና የሚሠመር ነው።

መዝገብ ባላቸው አገሮችም ቢሆን መስመሩ ከፍ ሲል በሽታው በዛ ማለት ብቻ አይደለም። በጃፓን በ1980ዎቹ አጋማሽ የስድስት ወር ሕፃናትን ሽንት በመመርመር ኒውሮብላስቶማ የተባለውን ካንሰር በአገር አቀፍ ደረጃ መፈለግ ሲጀመር፣ በበሽታው የተመዘገቡት ሕፃናት ቁጥር ብዙ ጨመረ፤ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ግን እንደታሰበው አልቀነሱም፤ ምክንያቱም ከተገኙት ዕጢዎች ብዙዎቹ ባይነኩ ኖሮ በራሳቸው የሚጠፉ ነበሩ። ምርመራው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። በአሜሪካም ኤምአርአይ የተባለው የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በየሆስፒታሉ በተስፋፋበት በ1980ዎቹ አጋማሽ የሕፃናት የአንጎል ዕጢ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከፍ ብሏል። በአንጻሩ ከ1986ቱ የቼርኖቤል አደጋ በኋላ በቤላሩስና በዩክሬን ሕፃናት ላይ የታየው የታይሮይድ ካንሰር መጨመር እውነተኛ ነበር። የሙያው ጥበብ እነዚህን መለየት ላይ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 እ.ኤ.አ. 166፣ በ2016 ደግሞ 67 ነበሩ። የደም ካንሰር ሲጀምር ትኩሳትና የደም ማነስ ሆኖ ስለሚታይ፣ ብዙ ልጅ ቀደም ሲል «በወባ ሞተ» ተብሎ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከወባውና ከተቅማጡ የተረፈ፣ ላቦራቶሪም የደረሰ ልጅ ስሙ ይመዘገባል። ጎረቤቶችሽ ያዩት ነገር ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን እነርሱ ያሰቡት ላይሆን ይችላል።

ስታቲስቲክስ ተምረሻልና አንድ ስሌት እንሥራ። በዓለም ካሉ መዝገቦች የተገኘው መጠን ከ15 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት በሚሊዮን 140 ገደማ በዓመት ነው። ለስሌት ያህል ድሬዳዋ 150,000 ሕፃናት አሏት ብንልና ይኸው መጠን ቢሠራ፣ በዓመት የምንጠብቀው 21 ልጅ ነው። በዚህ ቁጥር አንዳች ነገር ሳይለወጥ በአንዱ ዓመት 14፣ በሌላው 28 ቢታመሙ ከአጋጣሚ የሚያልፍ አይደለም፤ በቡና ሰዓት ግን «በእጥፍ ጨመረ» ይባላል። 150,000 ያልሁትንም ልብ በዪ፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ሲሆን ድሬዳዋን 341,834 ሕዝብ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። አካፋዩ፣ ማለትም የሕመምተኞቹ ቁጥር የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛት፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መጠኑም ይንቀጠቀጣል።

እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ስገለብጥ ያየሁትን ልንገርሽ። በሦስት የተለያዩ ገጾች «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ» እና «ማሕሙድ» የሚል ስም ነበር፤ ዕድሜ 4፣ 5 እና 5፤ አድራሻ ሳቢያን፣ ሽንሌ እና መልካ ጀብዱ፤ በምርመራው ዓምድ በሁለቱ ላይ «የሆድ እብጠት»፣ በሦስተኛው ላይ «የኩላሊት ዕጢ» ተጽፏል። ሦስት ሕመምተኞች ብዬ ቆጠርኋቸው። በማግሥቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሦስት ካርድ በፌስታል ጠቅልላ የያዘች እናት አገኘሁ፤ ሦስቱም የአንድ ልጇ ነበሩ። የመጣችው ከሽንሌ ነው፤ ለሕክምናው አንዴ ሳቢያን እህቷ ዘንድ፣ አንዴ መልካ ጀብዱ ዘመድ ዘንድ ታድራለች። ሳቢያንና መልካ ጀብዱ የድሬዳዋ ናቸውና እኔ ለድሬዳዋ ሁለት ልጅ ጨምሬላት ነበር፤ ልጁ ግን የሶማሌ ክልል ነዋሪ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ በሞዴል ማረም አይቻልም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። የቤቱን ወጪ የምትሸፍኚው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ባንኩን ያዢ፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ጥያቄውም ይጠብቅሻል። እንዲያ ካልሆነ ግን የካርድ ክፍሉን ሥራ ብትቀበዪ ይሻላል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት። በነዚህ ዓመታት ሐኪሙ በምን ቃል እንደሚጽፍ፣ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት ከካርዱ ጋር የት እንደሚለያይ፣ ሪፈር ተብሎ ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ እንዴት ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር በዓይንሽ ታያለሽ። ማታ ማታ ደግሞ የሕፃናት ካንሰር በ12 ዋና ዋና ክፍሎች የሚመደብበትን ዓለም አቀፍ አመዳደብ አጥኚ፤ የአዋቂዎች ካንሰር በሚገኝበት የሰውነት ክፍል ሲመደብ የልጆች በዋናነት በሕዋሱ ዓይነት ነው። ካንሬግ የተባለውን የምዝገባ ሶፍትዌርም ተለማመጂ፤ የሚያዘጋጀው ሊዮን ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ነው።

ከዚያ በኋላ በኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ወይም በባዮስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አስቢ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጁ ሐረር ነው፤ በቀርሳና በሐረር ቤት ለቤት ልደትና ሞት እየቆጠረ የሚከታተልባቸው ቦታዎችም አሉት። እውነተኛ አካፋይ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ወደዚያ ብታዪ ደስ ይለኛል።

ለባንኩ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ወደ ሆስፒታሉ ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የላቦራቶሪውን መዝገብ ማየት ይፈቀድልሽ እንደሆነ፣ ካርዶቹ ስንት ዓመት እንደሚቀመጡ፣ ሥራው ቋሚ ወይስ ኮንትራት መሆኑን። የመጀመሪያውን ከከለከሉሽ ጻፊልኝና ሌላ ሆስፒታል አብረን እንፈልጋለን።