መብራት ሲደክም አምፑ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

የመድረክ አምፕ (የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ማጉያ) ጠጋኙ ጋሽ ብየዳ ዛሬ ማታ የኤሌክትሪክ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ።

ሊድ ጊታር፦ ጋሼ፣ ሠርግ ላይ ቀን ስንሞክረው ያማረው ቲዩብ አምፕ ማታ ድምፁ ይታፈናል። ቲዩቡ፣ ያ ድምፅ የሚያጎላው የመስታወት ቱቦ፣ አርጅቶ ነው?

ብየዳ፦ ቲዩብ ከመንቀልህ በፊት ቴስተር ያዝ። አምፑ የተሰካበትን ማከፋፈያ ሁሉም ነገር በርቶ እያለ ለካ፤ ባዶ መስመር መለካት ዋጋ የለውም። አብዛኛው ቲዩብ አምፕ ውስጥ ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ነገር የለም። 220 ወደ 180 ሲወርድ ቲዩቡ የሚያገኘው 450 ቮልት ወደ 370 ይጠጋል፤ 50 ዋት የነበረው 33 አካባቢ ይሆናል። ክሊን፣ ማለት ድምፁን ሳታሻክር፣ ስትጫወት ቶሎ የሚሰነጠቀው፣ የወፍራሙ ክር ድምፅ የሚላላው ለዚህ ነው። የቲዩቡ ማሞቂያም ከ6.3 ወደ 5.2 ቮልት ይወርዳል።

አሁን ንገረኝ፤ ጓሮ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ? አንዱ ብቻ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከአምፕህ ጋር በአንድ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 50 ሜትር ከተጎተተ፣ ሽቦው ብቻውን 18 ቮልት ይበላል። ምጣዱ ሲጠፋ አምፑ ነፍስ ከዘራ፣ በሽታው ተገኘ። ለመድረኩ ከቆጣሪው ለብቻው ወፈር ያለ መስመር ይሳብለት።

ቤዚስት፦ የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን እኮ ሆን ብሎ በቫሪያክ (ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ቮልቴጁን ያወርድ ነበር።

ኪቦርድ፦ እሱ የፈለገው ቁጥር ላይ አቁሞ ነው። የእኛ በአንድ ዘፈን መሃል ይወርዳል ይወጣል።

ቤዚስት፦ ቲዩብ የሌለው የትራንዚስተር አምፕ የለመደ ጆሮ ይህ አይገባውም።

ብየዳ፦ እናንተ ሰዎች፣ ሌላ ጊዜ ተከራከሩ። ቀጣይ።

እንግዳ፦ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማረጋጊያ) ይሠራል?

ብየዳ፦ የስንት ዋት? ለየትኛው አምፕ? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል!

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ የአሜሪካ አምፔን በኮንቨርተር (ቮልቴጅ መቀየሪያ) ልሰካው?

ብየዳ፦ ኮንቨርተሩ አምፑ ከመስመር የሚስበውን ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) ግን አይቀይርልህም፤ እዚያ 60፣ እዚህ 50 ነው። ጀርባው ላይ 50/60 ካላለ ትራንስፎርመሩ ይግላል።

ዘማሪ፦ በጄኔሬተር ስንጫወት ጊታሩ ከቅኝት ይወጣል።

ብየዳ፦ ክርህን ቃኝ።

ክራር፦ ኤሌክትሪክ ክራሬ እምምም ይላል። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) የሌለው ማከፋፈያ ላይ ስሰካው ግን ጠፋ።

ብየዳ፦ ስንቴ ልናገር? ኧርዝ አትቁረጡ፣ አትዝለሉ! አምፑ ውስጥ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ) የብረት ቦዲውን ቢነካ ክርህ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ ያልፍብሃል። ሁሉን ከአንድ ማከፋፈያ ስጡት፣ መሣሪያውን ከሚክሰር የሚያገናኘው ዲአይ ቦክስ ላይ ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ የሚለይ ማብሪያ) ካለ እሱን ሞክሩ። ኧርዝ አትቁረጡ።

ሊድ ጊታር፦ አምፖሎቹ ድንገት ከወትሮው ቢደምቁስ?

ብየዳ፦ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ለቅቆ ይሆናል፤ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ብሬከሩን ወዲያው አውርድ።

ሊድ ጊታር፦ ሙሽሮቹ እየገቡ ቢሆንም?

ብየዳ፦ ከበሮ ምቱላቸው። ብሬከሩን መጀመሪያ።