ለቅሶ ያልተቀመጠው ልጅ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። በሐዋሳ ከተማ አቶቴ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የጥራጥሬ ሱቃችንን ይዤ ልጆቼን ምንም ሳላጎድልባቸው አሳድጋለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ትልቁ ልጄ ነው። ዕድሜው 15 ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከክፍሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ 31ኛ ወጣ። በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ገበታ ላይ አይቀርብም፣ ታናሽ እኅቱ ስታናግረው ይቆጣል፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ ያነጋ ነበር። ስልኩ የአባቱ ነበር፤ ለትምህርቱ ይረዳዋል ብዬ ነው የሰጠሁት። ከሁለት ወር በፊት ቀምቼ ቆለፍኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አያናግረኝም። አባቱ ያረፈ ጊዜ፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ እንኳ፣ እንዲህ አልሆነም። ያን ጊዜ እንዳይጎዳብኝ ብዬ ሬሳው ሳይመጣ ይርጋለም እኅቴ ዘንድ ላክሁት፤ በ12ኛው ቀን ሲመለስ እንባ እንኳ አላወጣም፤ አባቱ የት እንደተቀበረ ብቻ ጠይቆኝ ወደ ትምህርቱ ገባ። እኔም ልጆቼ ፊት አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ፎቶውንም እንዳያስታውሳቸው ከሳሎን አንሥቼዋለሁ። ጎረቤት ጠበል ውሰጂው ይለኛል፤ ወንድሜ ደግሞ የስልክ ሱሰኛ ሆኗልና አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቢው ይላል። ስልኩን ለዘለቄታው ልከልክለው? ወደ ትምህርቱስ እንዴት ልመልሰው?

ት. ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ እኅቴ፣

የላኩልኝ ደብዳቤ አምስት ገጽ ነው፤ ከላይ የሰፈረው ማንነትዎ እንዳይታወቅ አሳጥሬ ነው። ከአምስቱ ገጾች አራቱ ስለ ስልኩ፣ ስለ ውጤቱና ዘመድ ስለሚሰጥዎ ምክር የሚናገሩ ናቸው። የባለቤትዎ ሞት የተነገረው በሦስተኛው ገጽ በስድስት መስመር ነው፤ ያውም ልጁ «ያን ጊዜ እንኳ» ደህና እንደነበር ለማስረዳት። መቼ እንዳረፉ አልጻፉም። ሦስት ዓመት መሆኑን ያወቅሁት ልጁ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንደነበር ከገለጹት ተነሥቼ ነው። ስለዚህ ስለ ስልኩ ከመመለሴ በፊት እነዚያ ስድስት መስመሮች ላይ ብንቆይ እመርጣለሁ።

ደብዳቤውን ሳነብ ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። ከይርጋለም የተመለሰው የ12 ዓመት ልጅ አባቱ የት እንደተቀበረ ጠየቀዎት። እርስዎ ይህን የጻፉት ልጁ ብዙም እንዳልተጎዳ ምልክት አድርገው ነው፤ ጠየቀ፣ አላለቀሰም፣ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ምን እንደመለሱለት ግን አልጻፉልኝም። መቃብሩ ዘንድ ወስደውት እንደሆነም ደብዳቤው አይናገርም። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገር ግን አልተወሰደም ብዬ እገምታለሁ፤ ጥያቄውንም ዳግመኛ ያነሣው አይመስለኝም። ልጆች አንድን ነገር ጠይቀው የእናታቸው ፊት ሲለዋወጥ ካዩ ያ ነገር የማይጠየቅ መሆኑን በአንድ ጊዜ ይማራሉ።

እርስዎ የዕድር ሰው እንደመሆንዎ ስንት ለቅሶ እንደደረሱ ያውቁታል። ድንኳን ይተከላል፣ ሰው መጥቶ አግዳሚው ላይ ብዙም ሳይናገር ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ሲነሣም «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል፤ በማግስቱም ተመልሶ ይመጣል። ሐዘንተኛው ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ፣ ስለ ሟቹ ደግሞ ደጋግሞ ሲያወራ የሚሰማ፣ ሌሊት ብቻውን እንዳያድር አብሮት የሚያድር ሰው አያጣም። አርባው ይታሰባል፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሐዘኑ እንደገና ይነሣል። ሞትን ለማመን ጊዜና ሰው እንደሚያስፈልግ ማንም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሳይነግረን ወላጆቻችን ያውቁት ነበር፤ በዚህ በኩል ከብዙ አገር ሕዝብ የተሻለ ሥርዓት አለን ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአዋቂ ነው። ልጅ «ይጎዳል» ይባልና ገና ጩኸቱ ሳይጀመር ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፤ ሲመለስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሁሉም ሰው ወደ ሥራው ተመልሶ ያገኛል። እኔም አያቴ ያረፈች ቀን ጎረቤት ተወስጄ በአጥሩ በኩል የቤታችንን ለቅሶ ስሰማ፣ የተሰጠኝን ብስኩት ሳልበላው በእጄ ይዤ መዋሌን እስካሁን አስታውሳለሁ።

ልጅዎ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑን እንደ አዋቂ ይረዳል፤ የጎደለው ማወቁ ሳይሆን ያወቀውን አብሮት የሚሸከም ሰው ነው። እርስዎ የእኅት፣ የጎረቤትና የዕድር ትከሻ ነበረዎት፤ እሱ ግን አባቱን ያጣው ይርጋለም፣ በሰው ቤት፣ ምናልባትም እንዳይሰማ ተብሎ ሰዎች ሹክ ሲባባሉ እያየ ነው። ለቅሶ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ለቅሶው አላለቀለትም፤ እንዲያውም አልተጀመረለትም ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ለምን ያኔ ደህና ሆኖ አሁን?» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ይህ ጥያቄ ተጠንቷል። ዊሊያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ እናታቸው ወይም አባታቸው የሞቱባቸውን፣ ከ70 ቤተሰቦች የተውጣጡ 125 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ልጆች ከባድ ችግር ውስጥ አልገቡም፤ ይህን ሲያነቡ ደስ ይበልዎት። ከተቸገሩት መካከል ግን በመጀመሪያው ዓመት ደህና መስለው የታዩ፣ ችግሩ በሁለተኛው ዓመት የጎላባቸው ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹም የሞተውን ወላጅ ያልሙት፣ በሐሳባቸው ያናግሩት፣ የእሱ የነበረ አንድ ዕቃም በቅርባቸው ያኖሩ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ በሽታ አላዩትም። ልጁ ወደፊት እንዴት እንደሚሆን ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው ደግሞ በሕይወት የቀረው ወላጅ ሁኔታ ሆኖ ተገኝቷል። የመጨረሻው ግኝት እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን የአባቱን ዕቃ ነገር እናንሣ። በዚያ ስልክ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ጨዋታና ቪዲዮ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ የእኔ ግምት ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ሌሊቱን ሲያፈጥበት ያደረው የአባቱ ስልክ ነው። የአባቱ ድምፅ የተቀዳበት መልእክት፣ አባቱ ያነሣው ፎቶ፣ አባቱ በእጁ የጻፈው የስም ዝርዝር በውስጡ ሊኖር ይችላል። ፎቶው ከሳሎን ተነሥቷል፣ ስሙ በቤት ውስጥ አይጠራም፣ መቃብሩን ልጁ አላየም ብንል፣ ከአባቱ በእጁ የቀረው ያ ስልክ ብቻ ነበር ማለት ነው። እርስዎ አንድ የሚያሳስት መሣሪያ ቀማሁት ብለው ነው፤ እሱ ግን የተቀማው ምን እንደነበረ ጠይቀው ያውቃሉ? ጭራሽ ዝም ያለውም ከዚያ ወዲህ መሆኑን የጻፉልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። «ልጆቼ ፊት አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፉት በኩራት ነው፤ መብትዎም ነው። ባል ሞቶ፣ ሱቅ ተከፍቶ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ እየተጠበቀ፣ ለማልቀስ ጊዜ ያለው ማን ነው? ቤቱ እንዳይፈርስ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ይህን የሚክድ ቢኖር እኔ እከራከርልዎታለሁ። ነገር ግን ይህ ጽናት ከልጁ ወገን ምን እንደሚመስል አብረን እንይ። አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱን ያያታል፤ አታለቅስም፣ ስሙን አታነሣም፣ ፎቶውን አነሣችው። ከዚህ ሁለት ነገር ብቻ ሊያስብ ይችላል፤ ወይ እናቴ ረስታዋለች፣ ወይ ደግሞ እናቴ ከነካኋት ትፈርሳለች። ብዙ ልጆች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ከዚያም እናታቸውን ለመጠበቅ አፋቸውን ይዘጋሉ። እርስዎ እሱ እንዳይጎዳ ከእሱ ተደብቀው ያለቅሳሉ፤ እሱም እርስዎ እንዳይጎዱ ከእርስዎ ተደብቆ ያዝናል። በሩን የዘጋው በእልህ ነው ብለው ጽፈዋል፤ እኔ ግን ያንን በር መጀመሪያ የዘጋችሁት ሁለታችሁም በመዋደድ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ተዘግቶ ሲቆይ ቁጣና 31ኛ ደረጃ ሆኖ ወጣ።

ይህን ሁሉ የምለው አንዲት ደብዳቤ አንብቤ መሆኑን አይርሱብኝ። ሐዘን በሽታ አይደለም፤ ሐዘን ወደ ድብርት ሕመም የሚዞርበት ጊዜ ግን አለ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ድብርት ከማዘን ይልቅ በንዴትና በመነጫነጭ ሊገለጥ ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከምግብና ከእንቅልፍ ውጭ ከሆነ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ዓይነት ቃል ካመለጠው፣ መጠበቅ አያስፈልግም። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ያላሰበውን እንዲያስብ አያደርገውም፤ ይልቁንም ብዙዎችን ያሳርፋል። አዎ ካለዎት ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። እስከዚያው በቤት ያለውን መድኃኒትም ሆነ በሱቅዎ ለእህል የሚያስቀምጡትን ኬሚካል ቆልፈው ያኑሩ። ይህን ያለ ምንም ማመንታት ዛሬውኑ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ለቀረው ግን ችኮላ አያስፈልግም። ስልኩን ይመልሱለት፤ ሲመልሱም «የአባትህ መሆኑን ልብ ሳልል ነው የወሰድኩብህ፤ ይቅርታ» ይበሉት፤ ምን አለበት ብለው ግን አይመርምሩት። የሌሊቱ ጉዳይ ላይ ልክ ነዎት፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ስልኩ ማታ የት እንደሚያድር አብራችሁ ብትስማሙ ከመቀማት ይሻላል። ፎቶውን ወደ ቦታው ለመመለስ ሲያስቡ ልጆቹን ያማክሩ፤ ትንሿ ያን ጊዜ ገና አምስት ዓመቷ ስለነበር አባቷን በፎቶው ብቻ ልታውቀው ትችላለች። ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሃል?» አይበሉት፤ ሱቅ ውስጥ ምስር እየለቀማችሁ ወይም አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ከባለቤትዎ አንድ ትዝታ እርስዎ ቀድመው ያውሩ፤ ባይመልስልዎትም ሰምቷል።

ጠበሉን አልቃወምም፤ አብራችሁ ብትሄዱ ለሁለታችሁም መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጁን አስገድዶ መውሰድና ሕክምናን በእሱ መተካት ግን ተገቢ አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ግን ወንድምዎን በትሕትና እቃወማለሁ፤ ለዚህ ልጅ ያ ለሁለተኛ ጊዜ ይርጋለም መላክ ነው። ውጤቱም እንዲመለስ እመኛለሁ፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ ሳይመለስ ውጤቱ ቀድሞ ይመጣል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም።

ከአንድ ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መገናኘታችሁን እጅግ እመክራለሁ። በከተማችሁ ሰዉ ሪፈራል የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ልጁ አልሄድም ቢል መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ፤ ስለ እሱ ለመናገር ሳይሆን ስለ ባለቤትዎ ለመናገር ይሂዱ። ሦስት ዓመት ልጆቿ ፊት ያላለቀሰች ሴት እሷም መታየት ይገባታል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ጥናትም እርስዎን ማከም ልጁን ማከም እንደሆነ ይጠቁማል።

መቃብሩን ደግሞ አይርሱት። አንድ ቀን፣ በሙት ዓመቱም ሆነ በሌላ፣ «ያኔ ጠይቀኸኝ አላሳየሁህም፤ ልወስድህ እፈልጋለሁ» ይበሉት። እምቢ ሊል ይችላል፤ ሦስት ዓመት የቆየ ጥያቄ በአንድ ጊዜ መልስ አይቀበልም። እምቢ ካለ አይጎትቱት፤ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ፤ ሲወጡ የት እንደሚሄዱ ይንገሩት፤ ሲመለሱም አልቅሰው ከሆነ ፊትዎን ታጥበው አይግቡ።