«እህቴ ከሳች፤ የኔ ዳሌ ግን ንቅንቅ አላለም»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ። ከታናሽ እህቴ ጋር የምንበላው አንድ ትሪ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አብረን በእግር መሄድ ከጀመርን አራት ወር ሆነን። እሷ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት፤ እኔ የቀነስኩት 2 ኪሎ ብቻ ነው። ጎረቤቶች «የእናትሽ ዘር ነው፣ አትልፊ» ይሉኛል። ስቡ የማይቀንስ ሰው አለ? የጂን ምርመራ ላድርግ?

መልስ፦ ለጂን ምርመራው ገንዘብዎን አያውጡ። ጎረቤቶችዎ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ስብ በሕዋሱ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ዘይት ጠብታ ነው፤ ዙሪያውን ፔሪሊፒን የሚባል ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ሲራመዱ ወይም ሳይበሉ ሲቆዩ አድሬናሊንና ዘመዶቹ የሆኑ ሆርሞኖች ለሕዋሱ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ጥበቃው ይላላል፤ ሦስት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ሦስቱን የስብ አሲዶች ከተያያዙበት ግሊሰሮል ይለያያሉ። የተለየው በደም ሄዶ ጡንቻ ውስጥ ይነድዳል። 10 ኪሎ ስብ ሲነድ 8.4 ኪሎው በትንፋሽ ነው የሚወጣው፤ ወገብን በፌስታል ጠቅልሎ ማላብ የሚያስወጣው ውኃ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስቆመው ኢንሱሊን ነው። ከጉዞው መልስ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከጠጡ፣ 30 ግራም ገደማ ስኳሩ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርግና የስቡን መውጣት ለጊዜው ይገታዋል።

እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ጂን አለው፤ ጂኑ ከሰው ሰው በጥቂቱ ይለያያል። የአድሬናሊን ተቀባዩ (ትእዛዙን በሕዋሱ ላይ የሚቀበለው ፕሮቲን) ወይም ኢንዛይሙ ከአንዱ ሰው ይልቅ በሌላው ፈጠን ወይም ዘገም ሊል ይችላል። እህትማማቾች በአማካይ የሚጋሩት ግማሹን ብቻ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከውፍረት ጋር የተያያዘው ኤፍ-ቲ-ኦ የተባለው ጂን በሰፊው የታወቀ ነው፤ አወፋሪውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ልብ ይበሉ፣ 3 ኪሎ እንጂ 30 አይደለም። እነዚሁ ሰዎች አመጋገብና እንቅስቃሴ ሲያስተካክሉ ከሌላው እኩል ይቀንሳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለ12 ወራት 609 ሰዎችን የተከታተለ ጥናትም ከጂን ጋር የተስማማ አመጋገብ ብልጫ እንዳልነበረው አሳይቷል።

ዳሌው ደግሞ ከዘር ሌላም ምክንያት አለው። በሴቶች ዳሌና ጭን ላይ ስብ እንዳይወጣ የሚይዙ አልፋ 2 የተባሉ ተቀባዮች ይበዛሉ። ሆድ ቀድሞ ይቀንሳል፣ ዳሌ ወደኋላ ይቀራል። ለጤናም የሚያሰጋው የሆዱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ተዉትና ሜትር አንስተው ወገብዎን ይለኩ፦ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየር አስወጥተው፣ በ15 ቀን አንዴ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ማስጠንቀቂያ፣ ከ88 በላይ ከፍ ያለ ስጋት ነው።

አንድ ትሪ ማለት እኩል ጉርሻ ማለት እንዳልሆነም አይርሱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የግማሽ ሰዓት ጉዞ የሚያቃጥለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወጥ ሲሠሩ ከጠርሙሱ በዓይን አያፍስሱ፣ በማንኪያ ይስፈሩ። ጉዞውን በሳምንት ወደ 300 ደቂቃ ያሳድጉ፤ ሁለት ቀን ደግሞ ቁጭ ብድግ ወይም ሸክም ያለበት ሥራ ይጨምሩበት።

የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። የታይሮይድና የስኳር ምርመራም ያድርጉ። ሁለቱ እግሮችዎ ወፍረው፣ ሲነኩ የሚያሙ፣ በትንሹ የሚበልዙ፣ የእግር መዳፍዎ ግን ቀጭን ከሆነ ሊፒዲማ የሚባል፣ እግር ላይ ስብ የሚከማችበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይታዩ። በቤተሰባችሁ ክንድና እግሩ ቀጥኖ ደም ሥሩ የሚታይ፣ ፊቱና አንገቱ የወፈረ፣ በወጣትነቱ ስኳር የያዘው ወይም ትራይግሊሰራይዱ (በደም ውስጥ ያለው ስብ) በዴሲሊትር ከ500 ሚሊግራም በላይ የሆነ ሰው ካለ ግን፣ ያ ፔሪሊፒንን እንደሚሠራው ያሉ ጂኖች ሲበላሹ የሚመጣ ብርቅ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የጂን ምርመራ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።