ኪስ ሳይጎዳ፦ ስለ ፈረንሳይ ፋርማሲ ክሬሞች ጥያቄና መልስ

ስለ ፓሪስ ኑሮ ውድነት በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ስለ ክሬም አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ስለ ቤት ኪራይ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ክሬም ግን ጥያቄው ጎረፈ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አልጠቀስኩም። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የምኖርና የዕቃ ጀርባ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ፤ በዚሁ ልክ ውሰዱኝ።

ጥያቄ፦ ሊዮን የምትማር እህታችን ከቲክቶክ የለቀመችውን ረጅም የዕቃ ዝርዝር ልካለች። ያላት 30 ዩሮ ነው። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ዝርዝሩን ከመቅደድ ጀምሪ። የሚያስፈልግሽ ሦስት ነገር ነው፤ ፊት መታጠቢያ፣ ማለስለሻ ክሬምና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)። ሴረም፣ ቶነር፣ የዓይን ሥር ክሬም፣ ማስክ የምትያቸው ሁሉ ደመወዝ እስክትይዢ ይጠብቁሽ።

መታጠቢያው ላይ ቆጥቢ። ፊትሽ ላይ ደቂቃ ሳይቆይ በውኃ ለሚሄድ ነገር ብዙ ዩሮ አይወጣም። ከሱፐርማርኬት ሽታ የሌለው ለስላሳ መታጠቢያ ይበቃሻል። ክሬሙም ግሊሰሪን ይኑረው፣ ሽቶ አይኑረው፣ ሌላው ትርፍ ነው። የቀረውን ገንዘብ ሰንስክሪኑ ላይ አውይው።

አሁን ስለ ዋጋ። ፈረንሳይ ውስጥ የጤና መድኅን የሚሸፍነው መድኃኒት ዋጋው የተወሰነ ነው፤ የትም ብትሄጂ አንድ ነው። የክሬም ዋጋ ግን ነጻ ነው። ያው አቬን የሚባለው ብራንድ የክሬም ቱቦ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ዋጋ፣ ሁለት መንገድ አልፈሽ ሌላ ዋጋ አለው። ስለዚህ እንደ “ለክሌር” ባሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ያሉትን ፓራፋርማሲዎች እይ። ፓራፋርማሲ መድኃኒት አይሸጥም፤ ክሬም፣ ሻምፖና የመሳሰለውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። ደግሞ ከዋጋው በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሊትር ዋጋ አንብቢ። ያቺ የምታምረው ትንሽ ጠርሙስ በሊትር ስትሰላ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ውድ ናት። ትልቁን ባለ ፓምፕ ግዢና ከቤት ጓደኛሽ ጋር ተካፈሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋርማሲስቷ ነጻ አማካሪሽ ናት። “ቆዳዬ ወዛም ነው፣ ከ10 ዩሮ በታች ምን አለ?” ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂያት። ናሙና ካላትም ለምኚያት። ግን መጀመሪያ “ቦንዡር” በይ። ያለ ቦንዡር እዚህ አገር ፈገግታም፣ ናሙናም፣ ምክርም የለም።

ጥያቄ፦ የአቬን የሚረጭ ውኃ ተአምር ይሠራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጠበል አይደለም፤ አቬን ከሚባል መንደር የሚቀዳ የምንጭ ውኃ ነው፤ ከረጫችሁ በኋላ አድርቁትና ክሬም ደርቡበት፣ አለዚያ ሲተን ፊታችሁን ይዞት ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ሜካፕ ለማስለቀቅ ሮዝ ክዳን ያለው ቢዮደርማ ወይስ ሮዝ ክዳን ያለው ጋርኒዬ?

መልስ፦ ቢዮደርማ ይህን ሜካፕ የሚያስለቅቅ ውኃ (ሚሴላር ውኃ ይሉታል) ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ሌሎቹ ተከትለውት የመጡ ናቸው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ጋርኒዬ የሎሬያል ኩባንያ ነው። ፋርማሲ የሚሸጡት ላ ሮሽ ፖዜም ቪሺም የሎሬያል ናቸው። “የፋርማሲ ዕቃ” እና “የሱፐርማርኬት ዕቃ” የሚባለው አጥር እንደምታስቡት ረጅም አይደለም ለማለት ነው። ቆዳሽ በቀላሉ የሚቆጣ ካልሆነ ርካሹን ግዢ። የሚቆጣ ከሆነ ቢዮደርማው ገንዘቡን ያወጣል። በየትኛውም ብትጠቀሚ በኋላ በውኃ ተለቅለቂ። ሜካፕ የማትቀቢ ከሆነ ደግሞ አንዱም አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ክሬም ብቀባ ያስቃል?

መልስ፦ ቆዳ ካለህ ተቀባ።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምትሠራ አንባቢ ለዕረፍት ፓሪስ ልትመጣ ነው። የአክስት ልጆቿ ሁሉ ክሬም አዝዘዋታል። የት ልግዛ? ቀረጥ ይመለሳል ሲሉስ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ሁሉም የሚሄድበት ሲቲፋርማ ነው፤ ሴን ዠርማን ደ ፕሬ፣ ሩ ዱ ፉር ላይ። ዋጋው በእርግጥ ጥሩ ነው። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትሂጂ፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ሰው በሻንጣ ነው የሚገባው። በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፣ የምትገዢውንም ቤት ሆነሽ ጽፈሽ ሂጂ። ዝርዝር ሳይዝ የገባ ሰው ያላሰበውን አሥር ነገር ተሸክሞ ይወጣል።

ቀረጡ ይመለሳል፤ ግን ኑሮሽ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ መሆን አለበት። ከአንድ ሱቅ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከ100 ዩሮ በላይ መግዛት ይጠበቅብሻል። ፓስፖርት ይዘሽ ሂደሽ “ዴታክስ” በያቸው፣ ቅጹን ይሰጡሻል። አየር ማረፊያ ስትደርሺ ሻንጣሽን ከማስረከብሽ በፊት ፓብሎ የሚባለው ማሽን ላይ ቅጹን አስነብቢ። ሻንጣው ከሄደ በኋላ ብታስታውሺው ጉምሩክ ዕቃውን አሳዪኝ ቢልሽ የምታሳዪው የለም። ሙሉው ቀረጥ 20 በመቶ ነው፤ እጅሽ የሚገባው ግን አገልግሎት ሰጪው ድርሻውን ስለሚያነሳ 12 በመቶ ገደማ ነው። አውሮፓ የምትኖሩ ዘመዶች፣ እናንተን አይመለከትም፤ አትሰለፉ።

ክሬሙን በእጅ ሻንጣ እንዳትይዢው። ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዕቃ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፤ ጥቁር ሰው ሰንስክሪን ምን ያደርግለታል? ደግሞ ስቀባው ዱቄት የተነሰነሰብኝ ነው የምመስለው።

መልስ፦ ጥቁረታችን ይከላከላል፤ ግን ሁሉን አይከላከልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐይዋን አንፈራትም እንጂ እሷ ሥራዋን ትሠራለች። በእኛ ቆዳ ላይ ጉዳቱ እንደ ነጮቹ በመቅላት አይታወቅም፤ ማድያት ሆኖ፣ ብጉር ጥሎት የሄደው ጥቁር ነጥብ አልጠፋ ብሎ ነው የሚታየው።

ነጭ የሚያደርግሽ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ነው። እነዚህ የሌሉበትን፣ “ፍሉዊድ” ወይም “አንቪዚብል” የሚል የተጻፈበትን ምረጪ። የፈረንሳይ ፋርማሲ በእውነት የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለመታጠቢያ አልከራከርም፤ ለሰንስክሪናቸው እከራከራለሁ። SPF የሚባለው የመከላከያ ቁጥሩ ግን አያስጨንቅሽ፤ በትክክል ሲቀባ 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ይይዛል፣ 50 ደግሞ 98። ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ያስፈልጋል። ውድ ገዝቶ በጠብታ ከመቀባት መካከለኛ ገዝቶ እስኪበቃ መቀባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከፓሪስ የጻፈች እናት ናት። ከወለደች በኋላ ጉንጯና ግንባሯ ላይ ማድያት ወጣ። ጓደኛዋ ሻቶ ዶ አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ ቱቦ ገዝታ፣ “ከላ ሮሽ ፖዜሽ ጋር እየቀላቀልሽ ተቀቢው” አለቻት። በሁለት ሳምንት ፊቷ ጥርት አለ። ከወራት በኋላ ግን ስታቆመው ያቃጥላታል፣ ይቀላል፣ ሽፍ ይላል፤ መልሳ ስትቀባው ይበርድላታል። ቀጫጭን የደም ሥሮችም መታየት ጀምረዋል። ከፋርማሲ የትኛው ክሬም ያስተካክልልኛል ትላለች።

መልስ፦ የትኛውም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ በዚህ ሳምንት።

የገለጽሽው ነገር ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም የሚያመጣውን ይመስላል። እንዲህ ባሉ “ማቅያ” (ቆዳ የሚያነጡ) ቱቦዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው ክሎቤታሶል ነው። ክሎቤታሶል መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ለከባድ ችፌ ወይም ለሶሪያሲስ ለአጭር ጊዜ ያዘዋል። ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ የመጨረሻው ኃይለኛ ነው። ለፊት፣ ለወራት፣ ለማቅላት ግን አልተሠራም። ቁጣውን ሁሉ ስለሚያፍነው መጀመሪያ ፊት ያምራል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት የታፈነው ሁሉ ብሶበት ይመለሳል። ሰውም “ስተወው አመመኝ፣ ስለዚህ ያስፈልገኛል” ብሎ ሌላ ቱቦ ይገዛል። ሱቁ የሚኖረው በዚህ ነው።

ሌላው ሃይድሮኪኖን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ቆዳ በሚያቀሉ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ሐኪም ሲያዘው ብቻ የሚገኝ ነው። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያጠፉት የፈለጉትን ጥቁረት ወደ ግራጫ ሰማያዊ ለውጦ ሊተክለው ይችላል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ እሱ ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል።

“ሣጥኑ ላይ ፈረንሳይኛ ተጽፎበታል” ብለሻል። ፈረንሳይኛ ማንም ያትማል። በኅብረቱ ሕግ ማንኛውም መዋቢያ የንጥረ ነገር ዝርዝር፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም ኃላፊነቱን የሚወስደው ድርጅት ስምና በኅብረቱ ውስጥ ያለ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። ያንቺ ቱቦ ላይ ፈልጊው። ከጎኑ የላ ሮሽ ፖዜ ክሬም መኖሩ ደግሞ ምንም አይቀንስለትም። ጥሩ ክሬም መጥፎውን አያጥበውም።

እስክትታዪ ድረስ በላዩ ሌላ ነገር አትደርቢ። ሎሚም፣ ሴረምም፣ የሰው ምክርም። ፊትሽን ብቻ ሳይሆን ሰውነትሽን በሰፊው ለወራት ተቀብተሽው ከሆነ በድንገት መተው ራሱ አደጋ አለው፤ ሰውነትሽ ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደምትተዪው ሐኪም ይንገርሽ። ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ንገሪው። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ፣ ይቆጣ።

ስለ ገንዘቡ። የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል መጀመሪያ አጠቃላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። 30 ዩሮ ነው፤ ካርት ቪታል (የጤና መድኅን ካርድ) ካለሽ አብዛኛው ይመለስልሻል። መድኅን ወይም ወረቀት ከሌለሽ በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች “ፓስ” የሚባል አገልግሎት አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የተቋቋመ ነው። ሴን ሉዊ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው፤ ያ ቱቦ ከተገዛበት ሰፈር በእግር ይደረሳል።

ማድያቱስ? ከወሊድ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚደበዝዝ አለ። የማይደበዝዘውን ደግሞ ቆዳሽ ሲረጋጋ ሐኪሙ እንደ አዜላይክ አሲድ ያለ ነገር ሊያዝልሽ ይችላል። ካንቺ የሚጠበቀው በየቀኑ ቀለም ያለው ሰንስክሪን መቀባት ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከአይረን ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ተራው ሰንስክሪን የማይዘውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያብሰው አንዱ ያ ብርሃን ነው። ወራት ይፈጃል። በሁለት ሳምንት የሚያጠራ ነገር ካገኘሽ፣ ሽሺው።

ይህ የፓሪስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባም ያለ ማዘዣ የተገዛ ስቴሮይድ ለብጉርም፣ ለማድያትም፣ ለችፌም የሚቀባ ሞልቷል። ሠርግ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ጓደኛሽንም አትቀየሚያት። ምናልባት እሷም እየተቀባችው ነው። ይዘሻት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። የገዛሁት የሬቲኖል ክሬም ገና ግማሽ ነው፣ ልጨርሰው?

መልስ፦ አትጨርሺው። ለእህትሽ ስጪው። በሐኪም ታዞልሽ የነበረ የብጉር መድኃኒት ካለም፣ በተለይ የሚዋጥ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ደውይ። ይህን ለነገ አታሳድሪው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ አንዲት እናት፤ ልጃቸው ከፓሪስ ስትመጣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሆን ክሬም እንድታመጣላቸው የትኛውን ልንገራት ይላሉ።

መልስ፦ እማማ፣ ዩሪያ ያለበት የእግር ክሬም ትግዛልዎ፤ 25 ወይም 30 በመቶ የሚል። ውድ አይደለም። እስክትመጣ ድረስ ማታ እግርዎን ታጥበው፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ይቀቡና ካልሲ ያድርጉ። ቫዝሊን ለዚህ ሥራ ከብዙ የፋርማሲ ክሬም አያንስም። ስኳር ካለብዎ ግን ክሬሙ ይቆይ፤ ስንጥቁን መጀመሪያ የሚከታተልዎ ሐኪም ይየው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለችም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ “ኦሪጅናል ከፓሪስ” ብለው ፓሪስ ካለው ዋጋ በግማሽ ይሸጣሉ። ልግዛ?

መልስ፦ ትኬቱን ማን ከፈለላቸው?

ጥያቄ፦ ካቻምና የመጣልኝ ሰንስክሪን አሁንም አለ። ይሠራል?

መልስ፦ ከጀርባው የተከፈተ ቆርቆሮ የምትመስል ትንሽ ሥዕል ፈልግ። ውስጧ 12M ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመት ማለት ነው። ካቻምና ከፍተኸው ከሆነ ጣለው።