ስለ ትሮሊንግ ሞተር ፍጥነት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቅዳሜና እሁዴን ደግሞ ቨርጂኒያ በርክ ሌክ ላይ አሳልፋለሁ። ሐይቁ 218 ኤከር ነው፤ የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድበት በቀዘፋ ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚኬደው። ትሮሊንግ ሞተር የምንለው ይኸንኑ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ የጀልባ ሞተር ነው። ሰሞኑን ትንሽ ጀልባ የገዙ ወገኖች ስለ ፍጥነት ደጋግመው ስለጠየቁኝ ዛሬ ባንድ ላይ ልመልስ። የኔ ጀልባ 12 ጫማ አሉሚኒየም ነው፤ ሞተሩ ባለ 12 ቮልት፣ 55 ፓውንድ (ፓውንዱ የመግፋት ኃይሉ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም)።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሞተሬ ባለ አምስት ደረጃ ነው። ከ1 እስከ 4 ሳዞረው ዝም ይላል፤ 5 ላይ ብቻ ይሠራል። ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ ደህና ነው፣ አትደንግጥ። 5 ላይ ከባትሪው የሚመጣው ኃይል በቀጥታ ይገባል። ዝቅተኞቹ ደረጃዎች ግን መጀመሪያ ኮይል በሚባለው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ያልፋሉ፤ ኮይሉ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ሙቀት እየቀየረ ያስቀረዋል። ያ ጥቅል ሲበጠስ 5 ብቻ ይቀራል። አንዳንዴ ጥፋቱ ማዞሪያው ውስጥ የተቃጠለ መገናኛ ስለሚሆን ጭንቅላቱን ፈትተህ እሱን አስቀድመህ እይ። በብዙዎቹ ሞተሮች ኮይሉ ያለው ታች ውኃ ውስጥ በሚገባው ክፍል ነው፤ ውኃው ነው የሚያቀዘቅዘው። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ ከውኃ ውጭ፣ "ልሞክረው" ብለህ ብዙ ደቂቃ አታሽከርክረው።

ጥያቄ፦ ኮይሉን ከመቀየር ለምን ፒደብሊውኤም (PWM) የሚባለውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ አልገጥምለትም? በርካሽ አግኝቻለሁ።

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም አሮጌው ሞተሬ ላይ አድርጌዋለሁ። ፒደብሊውኤም ኃይሉን አያቃጥልም፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል። ከጊዜው ግማሹን ቢበራ ሞተሩ የሚያገኘው አማካይ ቮልቴጅ ግማሽ ነው። በዝግታ ስትሄድ ባትሪህ የሚቆይበት ሰዓት በጣም የሚጨምረው ለዚህ ነው። የሞተሩን ማዞሪያ 5 ላይ ትተወውና ፍጥነቱን በአዲሱ ቁልፍ ትመራለህ።

ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ 55 ፓውንድ ሞተር ሙሉ ላይ 50 አምፒር ገደማ ይስባል። ርካሹ ዕቃ ላይ "60 አምፒር" ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ አትመነው፤ ከፍ ያለ፣ ሙቀት የሚበትን ወፍራም የአሉሚኒየም ጀርባ ያለው ውሰድ። ሁለተኛ፣ ሞተርህ ፍጥነቱን ከዜሮ ጀምሮ ያለ ደረጃ የሚያስተካክል ከሆነ ራሱ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ አለው፤ በሱ ላይ ሌላ መቆጣጠሪያ ከደረብክ ሁለቱንም ታበላሻለህ። ሦስተኛውና ትልቁ፦ እንዲህ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ኃይሉን እንዳስተላለፈ ተጣብቆ ይቀራል፤ ማለትም ሞተሩ ባንድ ጊዜ ሙሉ ፍጥነት ይይዛል፣ ቁልፉም አይሰማም። ስለዚህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ላይ ኃይሉን የሚቆርጥ ብሬከር ይኑር። ልጅ ይዘህ የምትወጣ ከሆነ ያለሱ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ወደ 80 ፓውንድ ብቀይር ፍጥነቴ ይጨምራል?

መልስ፦ እምብዛም። የፕሮፔለሩ ቅርጽና የጀልባው ርዝመት ናቸው ጣሪያውን የሚወስኑት፤ በ12 ጫማ ጀልባ በሰዓት አራት ማይል አካባቢ ነው የምታገኘው። ፓውንዱ የሚጠቅምህ ነፋስና ጭነት ሲበዛ ነው። ደግሞ 80 ፓውንዱ 24 ቮልት ስለሚፈልግ ሁለት ባትሪ ትሸከማለህ።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀልባዬ ይደክማል። ባትሪው አዲስ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሽቦውን በእጅሽ ዳስሺው። ከሞቀ ፍጥነትሽ እዚያ እየቀረ ነው። እኔን ይኸው ነገር አንድ ክረምት ሙሉ አሰቃይቶኛል፤ ባትሪ ሁለቴ ቀየርኩ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የባትሪው ጫፍ ላይ የነከሰው ክሊፕ ሥሩ ጠቁሯል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት እንደ ዱቄት ተበትኗል፤ ነካ ሳደርገው ጣቴን ፈጀኝ። ክሊፑን ቆርጬ ጥዬ በቀለበት ጫፍና በብሎን አጥብቄ ካሰርኩ ጀምሮ ያ ድካም ተመልሶ አልመጣም። በ12 ቮልት ላይ አንድ ቮልት እንኳ ሽቦ ላይ ከጠፋ ሞተሩ ይሰማዋል። ባትሪው ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ከሆነ 6 ቁጥር ሽቦ ተጠቀሚ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አትርሺ።

ሽቦው ካልሞቀ ፕሮፔለሩን ፍቺና ከኋላው እዪ። የዓሣ ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ታገኚ ይሆናል። ክሩ ዘንጉ ላይ ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ማኅተም ከቆረጠው ውኃ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ በየጊዜው ማየት ልማድ ይሁንልሽ።

ጥያቄ፦ ሊቲየም ልግዛ?

መልስ፦ አቅም ካለህ ግዛ፤ ቀላል ነው፣ ኃይሉም እስከ መጨረሻው አይወርድም። ግን አያስጠነቅቅም። የእርሳስ ባትሪ ሲያልቅ እየደከመ ይነግርሃል፤ ሊቲየም ሲያልቅ ድንገት ቁርጥ ይላል። ቮልቴጁም ከፍ ስለሚል አንዳንድ አምራቾች ፍጥነቱን ከ85 በመቶ በላይ አታስኪዱ ይላሉ፤ የሞተርህን መመሪያ አንብብ።

ጥያቄ፦ ክራፒ ለማጥመድ የስንት ቁጥር ፍጥነት ልያዝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቁጥሩን እርሳው። እጀታው ላይ የተጻፈው 2 ነፋስ ከኋላህ ሲሆንና ከፊትህ ሲሆን አንድ አይደለም። ስልክህ ላይ ፍጥነት በጂፒኤስ የሚያሳይ መተግበሪያ ክፈትና በሰዓት ከ0.5 እስከ 1 ማይል ባለው ውስጥ ቆይ። ክራፒ ስስ አፍ ያለው ዓሣ ነው፤ ሮጦ አያባርርልህም። እኔ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ መሄድ እመርጣለሁ፤ ነፋሱ ጀልባውን ስለሚገታልኝ ሞተሩን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ልክ እይዛለሁ። ከኋላ ሲነፍስ ግን ሞተሩን ብታጠፋው እንኳ ይወስድሃል፤ ያኔ የውኃ ጃንጥላ (ውኃ ውስጥ ተዘርግቶ ጀልባውን የሚገታ ጨርቅ) ወይም በገመድ የታሰረ ባልዲ ከኋላ መጎተት ይረዳል።

በዝግታ መሄድ ለባትሪውም ነው። ፍጥነትህን በግማሽ ስትቀንስ የሚፈለገው ኃይል በግምት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ሙሉ ፍጥነት ላይ ሁለት ሰዓት ነው የሚሰጥህ፤ በዝግታ ቀኑን ሙሉ ታጠምድበታለህ። ሞተር ስትመርጡ ሻጩን "ከፍተኛው ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁት። "ዝቅተኛው ምን ያህል ዝቅ ይላል?" በሉት።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ስለሆነ መመዝገብ የለበትም አይደል?

መልስ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ አለበት። ሞተር ከተገጠመለት ኤሌክትሪክም ቢሆን ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሀዋሳ ላይ የእንጨት ጀልባ አለው፤ አንድ ሞተር ብልክለት ይጠቅመዋል?

መልስ፦ መረብ ለመጣልና ለመሰብሰብ ይጠቅመዋል፤ ያለ ድምፅ በዝግታ ይሄዳል። ግን ሞተሩን ብቻ አትላክ። ባትሪውን በምን እንደሚሞላ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሶላር ካሰባችሁ ፓነሉ አነስ ያለ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ላይጨርስ ይችላል። ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነፋስ ሲነሣ 12 ቮልት ሞተር ከባድ የእንጨት ጀልባን ላያሸንፍለት ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ይሥራበት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይመለስ፣ መቅዘፊያውንም ከጀልባው አያውርድ።