ከካሊፎርኒያ ለመውጣትም ለመቆየትም ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፤

ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ወጣት ባልና ሚስት በየተራ ቤቴ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል፤ ከካሊፎርኒያ እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚል። የመጨረሻዎቹ የመጡት በሰኔ መጀመሪያ ነበር። ቡናው ሳይቀዳ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ከቴክሳሷ ዳላስ ወጣ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር የተሠራ ባለ አራት መኝታ ቤት አሳየችኝ። ዋጋው 380,000 ዶላር ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውም ኦክላንድ ውስጥ ለባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ከሚከፍሉት ኪራይ እንደማይበልጥ ነገሩኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችና የወጥ ቤቱን መስኮት እያሳየች፣ “እትዬ፣ እዚህ ጋ ቆሜ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ አያቸዋለሁ” አለችኝ። ያን ምሽት የሰጠኋቸው መልስ ለእኔም አላጠገበኝም፤ ከሄዱ በኋላም ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። ስለዚህ ለእነርሱ መናገር የነበረብኝን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ። ዓመቶቹንና ወራቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወደ ካሊፎርኒያ የመጣሁት በ1987 ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህ ግዛት ሰጥቶኛል፤ ወስዶብኛልም። የወሰደብኝን ስትሰሙ አመስጋኝ አይደለችም፣ የሰጠኝን ስትሰሙ ደግሞ የእኛን ችግር አታውቅም እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ።

ችግራችሁን አውቀዋለሁ። በ2024 የጸደይ ወራት የካሊፎርኒያ ነባር ቤቶች መካከለኛ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ900,000 ዶላር አልፏል። እኔ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ አሁን የምኖርባትን ትንሽ ቤት በ1998 የገዛሁት በ215,000 ዶላር ነው፤ ያን ጊዜ እርሱም እሳት መስሎ ይታየኝ ነበር። ከአጠገቤ ያለውን፣ ከእኔው ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ መንትያ ቤት፣ አንድ ወጣት ቤተሰብ በ850,000 ዶላር ገዝቶታል። በ1978 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የሚባል ሕግ የንብረት ግብርን በተገዛበት ዋጋ አንድ በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስም የግብሩ መነሻ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያግዳል። የአካባቢው ተጨማሪ ክፍያዎች ቢኖሩም መሠረቱ ይኸው ነው። በዚህም ምክንያት እኔና ጎረቤቴ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት መንገድና አንድ ትምህርት ቤት ይዘን፣ ሁለት ሕፃናት የሚያሳድገው እርሱ ከእኔ ከእጥፍ በላይ ግብር ይከፍላል። ሕጉ ለቆየ ሰው ጥላ ነው፤ አዲስ ለሚገባው ግን ሸክም ነው። እኔ በጥላው ሥር ተቀምጬ እናንተን “ትንሽ ታገሡ” ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እኔ ስገዛ የነበረው በርና ዛሬ በእናንተ ፊት ያለው በር አንድ አይደሉም፤ ወላጆቻችሁ “እኛ እንዴት ገዛን?” ሲሏችሁም ይህንን አስታውሷቸው።

ሆኖም የካሊፎርኒያ ትልቁ ዋጋ የቤቱ ዋጋ አይመስለኝም። ትልቁ ዋጋ ሰዓት ነው።

ቤቴን የገዛሁት ሳን ሊያንድሮ ሆኖ የምሠራው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ስለነበረ፣ በየቀኑ የሳን ማቴዮን ድልድይ እሻገር ነበር። የቤቱን ዕዳ ለመግፋት ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ሆስፒታል ተጨማሪ ሺፍት ያዝኩ። ልጄ አምስተኛ ክፍልን የጨረሰ ቀን ትንሽ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነበራቸው፤ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ግጥም ሊያነብ ለሁለት ሳምንት ሲያጠና ሰንብቷል። ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ በቀጥታ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ድልድዩ መሐል ላይ መኪናዎች ተጋጭተው ሁሉም ቆመ። ውኃው ግራና ቀኝ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ እኔ መሪውን ይዤ ሰዓቱን አያለሁ። ስደርስ ወንበሮቹን እየሰበሰቡ ነበር። ልጄ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቶታል፤ “ምንም አይደለም እማዬ” አለኝ፤ በመኪና ውስጥ አንብብልኝ ብለውም አላነበበልኝም። ዛሬ ቤቴ ካወጣሁበት ዋጋ አራት እጥፍ ያወጣል ይሉኛል። ያን ጠዋት ግን በምንም ሒሳብ ልመልሰው አልቻልኩም።

ዛሬ ይህ ነገር ብሷል። ብዙዎቻችሁ ቤት ፍለጋ ወደ ትሬሲ፣ ወደ ማንቲካ፣ ወደ ስቶክተን ወጥታችሁ ገና ሳይነጋ የአልታሞንትን ዳገት ተሻግራችሁ ወደ ሳን ሆዜና ወደ ኦክላንድ ትወርዳላችሁ። መንገዱ በአንድ በኩል ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት ማለት ነው። በቤት ዋጋ ያተረፋችሁትን ከልጆቻችሁ እራት ላይ እየቀነሳችሁ ትከፍሉታላችሁ። ስለዚህ መቆየትን የምትመርጡ ከሆነ፣ ሥራችሁ አጠገብ በጠባብ ቤት መኖርን ሩቅ ካለ ሰፊ ቤት አስበልጡ ብዬ እመክራለሁ። ኪራይም ውርደት አይደለም፤ በ2019 የወጣው የተከራዮች ሕግ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አብዛኞቹ አፓርታማዎች ኪራይ በዓመት ከአምስት በመቶና ከዋጋ ንረቱ ድምር በላይ፣ ቢበዛም ከአሥር በመቶ በላይ እንዳይጨምር አድርጓል።

አሁን ግዛቱ የሚሰጠውን ልንገራችሁ። ይህ ክፍል ሰው ሁሉ የሚዘለው ነው፤ ምክንያቱም የቤት ዋጋ በየቀኑ ዓይን ሲወጋ ይህኛው የሚታየው ስትወልዱ፣ ስትታመሙ፣ ልጅ ስታስተምሩና ወላጅ ስትጦሩ ነው። ከደመወዛችሁ ላይ ከአንድ በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ መዋጮ ይቆረጣል፤ ብዙዎቻችሁ ግብር እየመሰላችሁ ታዝናላችሁ። ከዚያ መዋጮ ነው እናት ስትወልድ፣ ከወሊድ በኋላ ለማገገም ከሚከፈላት በተጨማሪ፣ እናትም አባትም እያንዳንዳቸው እስከ ስምንት ሳምንት ከሕፃኑ ጋር እንዲቀመጡ የሚከፈላቸው። ከ2025 ጀምሮ ክፍያው ከደመወዛቸው ከሰባ እስከ ዘጠና በመቶ ሆኗል። በቴክሳስ እንዲህ ያለ የግዛት ሕግ የለም፤ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው ያለ ክፍያ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው።

እናት ወይም አባት ያመጣችሁ ደግሞ ይህን ታውቁታላችሁ። ሜዲ-ካል የሚባለው የግዛቱ የሕክምና ሽፋን ግሪን ካርድ ያላቸውን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች፣ ሌሎች ብዙ ግዛቶች እንደሚያደርጉት አምስት ዓመት ሳያስጠብቅ ሲቀበል ኖሯል። አቅም ላነሳቸው አረጋውያን ቤት ውስጥ ረዳት የሚመደብበት ፕሮግራም ረዳቷ የገዛ ልጃቸው ብትሆንም ይከፍላል። እናቴ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት እህቴ ሥራዋን ትታ ያጠበቻትና ያጎረሰቻት በዚያ ክፍያ ነው፤ እናቴ በራሷ ቋንቋ እየተጠራች በልጆቿ እጅ ላይ አረፈች። ደንቦቹ ከበጀቱ ጋር በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ ከመወሰናችሁ በፊት የካውንቲውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ስለ ትምህርትም እንዲሁ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ዩኒት በሚባለው የትምህርት መለኪያ፣ ለአንዱ 46 ዶላር ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ እርሱም ይሰረዝለታል። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ስቴት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ መሸጋገር የደሃ ልጅ የተረገጠ መንገድ ነው፤ ከእኔ ጋር የሠሩ ብዙ ሐበሻ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና መሐንዲሶች የወጡት በዚሁ በር ነው። ይህን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ አሥራ አንደኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ ቀኑን ሳታሰሉ አትውጡ። የግዛቱ ነዋሪ ተማሪ የሚከፍለውን ዝቅተኛ የኮሌጅ ክፍያ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ በአዲሱ ግዛት አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ በጥድፊያ የወጣ ቤተሰብ ልጁ በሁለቱም በኩል የውጭ ሰው ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል።

ሥራችሁ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሂዱም ቆዩም ልላችሁ አልችልም። ነርስ ከሆናችሁ፣ በካሊፎርኒያ የተመዘገቡ ነርሶች አማካይ ደመወዝ በዓመት ከ130,000 ዶላር በላይ ሲሆን በቴክሳስ ከ100,000 በታች ነው። ከገንዘቡ በላይ ለእኔ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ አንድ ነርስ ስንት በሽተኛ መያዝ እንደምትችል በሕግ የወሰነች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት፤ በተራ የሕክምናና የቀዶ ጥገና ክፍል ከአምስት አይበልጥም። ሕጉ ከመምጣቱ በፊት ስምንትና ዘጠኝ በሽተኛ ይዤ የሠራሁባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም፤ መድኃኒቱን ለየትኛው ሰው እንደሰጠሁ በር ላይ ቆሜ ደግሜ የምቆጥርበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ታክሲ ወይም የጭነት መኪና የምትነዱ፣ መጋዘን ውስጥ የምትሠሩ፣ ወይም ከቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር ለሌላ ግዛት ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። የደመወዝ ልዩነቱ ትንሽ፣ የኪራይ ልዩነቱ ብዙ ነው። ላስ ቬጋስ፣ ዴንቨርና ዳላስ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን ሳይሳሳቱ ነው የሄዱት።

“እዚያ ግብር የለም” የሚለውን ወሬ ግን በጥንቃቄ ስሙ። ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም፤ እውነት ነው። የካሊፎርኒያም የገቢ ግብር ለባለ ብዙ ሚሊዮን 13.3 በመቶ ይደርሳል። ይሁንና ሁለት ልጆች ያሏቸውና በዓመት 80,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ለካሊፎርኒያ የሚከፍሉት የገቢ ግብር ከ1,000 ዶላር በታች ነው። እነዚያ ልጆች ያሳዩኝን ቤት አብረን ስናሰላው፣ የነገሯቸው ወርሃዊ ክፍያ የብድሩ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የንብረት ግብሩ ሁለት በመቶ ቢሆን በዓመት 7,600 ዶላር፣ በወር ከ600 ዶላር በላይ ነው። የቤት መድን ሲጨመርበትማ በረዶና ማዕበል በሚመታው አገር ቀላል አይደለም። ለሚኖሩበት ቤት የግብሩ መነሻ በዓመት እስከ አሥር በመቶ ሊያድግ ይችላል፤ እዚህ ሁለት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ በዘመድ ስልክ የተሠራ ሒሳብ ለእናንተ ኑሮ ላይገጥም ይችላል።

አደጋን ሳላነሳ ብቀር ደግሞ ወገንተኛ እሆናለሁ። ጥቅምት 17 ቀን 1989 ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምድር ስትናጥ ኦክላንድ ነበርኩ፤ ሳይፕረስ የሚባለው ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ተደርምሶ አርባ ሁለት ሰዎች ሞቱ። መደበኛው የቤት መድን የመሬት መንቀጥቀጥን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። በጥር 2025 የሎስ አንጀለሱ ፓሊሴድስና አልታዲና ሲቃጠሉ ከ16,000 በላይ ሕንፃዎች ወድመዋል። ከዚያም በፊት ትልልቅ መድን ሰጪዎች አዲስ ውል መስጠት አቁመው ስለነበር ብዙ ባለቤቶች የመጨረሻ አማራጭ ወደሆነውና ውድ ወደሆነው የፌር ፕላን ሽፋን ተገፍተዋል። እሳት በሚያሰጋው ኮረብታ ሥር ቤት የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት መድኑን ጠይቁ። በሌላ በኩል በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተውጣ ሚሊዮኖች ያለ መብራት በብርድ አድረዋል። ከአደጋ የሚሸሽበት ግዛት የለም፤ የምትችሉትን ዓይነት መምረጥ ነው ያለው።

ስለ ማኅበራዊው ኑሮ ብዙ አልልም። እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራውም በሄዳችሁበት ሁሉ አለ። ሌሊት ልጅ ሲታመም የሚደወልላትን ጎረቤት ለማግኘት ግን ዓመታት ይፈጃል፤ እርሷን ማጣትንም ከወጪዎቻችሁ ጋር ጻፉት።

ለእነዚያ ልጆች ደብተር ሰጥቼ ሁሉንም በእጃቸው እንዲጽፉ፣ የመንገዱን ሰዓት ሳይቀር እንዲመዘግቡ፣ ከዚያም በኅዳር ሳይሆን በነሐሴ ሙቀት ዳላስ ሄደው እንዲቆዩ ነገርኳቸው። አሥር ቀን ቆይተው ተመለሱ። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ይዘው መጡ። እርሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሾፌር ነው፤ የእርሱ ገጽ ሂዱ ይላል። እርሷ ግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ፈቃዷን እዚህ አውጥታ ሁለት ዓመት ብትሠራ፣ ከዚያ ቢሄዱም ልምድ ይዛ ነው የምትሄደው። ካሊፎርኒያ በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስለሌለች ፈቃዷን ወደ ቴክሳስ የምታዛውረው ለብቻው አመልክታ መሆኑን ነገርኳት፤ ቀኑንም በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈችው። እስከዚያ ድረስ ከአፓርታማቸው ላለመንቀሳቀስ ተስማምተዋል። የዚያ ቤት ፎቶ አሁንም ስልኳ ላይ አለ፤ እኔም አጥፊው አላልኳትም።